አልምርህም

ዳኛው የሞቱት ከሚወዱት ወንበር አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ ነው። በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። ግራ ጉልበታቸው ወደ ፊት ታጥፏል፤ አፋቸው ወደ ምንጣፉ ዘንበል ብሏል፤ ጉንጫቸው ሥር በሥርዓት የታጠፈ ፎጣ ተደርጎላቸዋል። የተመቱት ከኋላቸው ነው። የተመቱበት የእብነ በረድ ወረቀት መጫኛ ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው የሸለሟቸው ነበር፤ ተወልውሎ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል።

ኢንስፔክተሩ እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ። ጣቢያ ውስጥ «ማስመሪያ» ነው የሚሉት። ፊት ለፊት አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል። ወዳጆቹ ስለማይጣመም ነው ይላሉ፤ የቀሩት ስለማይተጣጠፍ።

«ገድሎ ትራስ?» አለ።

«ጸጸት ነዋ» አለ ሳጅኑ። «የገዛ ሰው ነው የገደላቸው። ባዳ ቢሆን ጥሎ ይሮጣል እንጂ ፎጣ ሲያጥፍ አይቆይም።»

«ሊሆን ይችላል።»

ሳጅኑ ከንፈሩን ነከሰ። ማስመሪያ «ሊሆን ይችላል» ካለ ነገሩ አልተዋጠለትም ማለት ነው።

አስከሬኑን ያገኘው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነበር። የሱ ሱቅና የዳኛው ማንበቢያ ክፍል የሚጋሩት አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ያሳጠረላቸውን ሱሪ ይዞ ጠዋት ሲመጣ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። ሱሪውን አሁንም ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው፤ የት እንደሚያኖረው አላወቀም።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ሲቆጡ ሰምቻለሁ» አለ። «‹ተው! ተው ብዬሃለሁ! ነገ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ። ልጄም ብትሆን አልምርህም!› አሉ። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። እኔም ማሽኔን ረገጥኩ።»

«የሌላውስ ሰው ድምፅ?»

«አልሰማሁም። ዳኛው ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ሲያወሩ ለሰፈሩ ነበር የሚያወሩት። ያኛው ግን ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው መሆን አለበት።»

«እርግጠኛ ነህ? ‹ተው› ነው ወይስ ‹ተይ›?»

ልብስ ሰፊው ትንሽ ተቀየመ። «ጌታዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የወንድና የሴት ልብስ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቃል ያቅተኛል? ‹አልምርህም› ነው ያሉት። መጨረሻው ላይ ‹ህ› አለች። ረግጠው ነው ያሏት።»

ኢንስፔክተሩ ቃሉን እንዳለ ጻፈ። ስለዚህ ወንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ዳኛው ጀርባቸውን የሚሰጡት ሰው ነው።

*

ሳጅኑ መጀመሪያ ያነሳው ግን የዳኛውን ልጅ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ከእስር የወጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሰው ገጭቶ በመጥፋቱ ዳኛው ለረጅም ዓመታት ፈርደውበት፣ ከችሎት ሲወጣ «ስፈታ እንተያያለን» ብሎ ነበር። «ሽማግሌ ሁሉንም ልጄ ይላል» አለ ሳጅኑ።

ሰውዬው አሁን ጎሚስታ ቤት ነው የሚሠራው። ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ አገኙት።

«ብያለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ተናድጄ ነበር። እሳቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? ‹መግጨት ስህተት ነው፤ ጥሎ መሄድ ግን ምርጫ ነው። የፈረድኩት ምርጫህ ላይ ነው።› እስር ቤት ሆኜ ሳወጣት ሳወርዳት ኖርኩ። እውነታቸውን ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ልነግራቸው አስቤ፣ ልብስ እስክገዛ ብዬ አቆየሁት።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። አንድ አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶበት ተሳፋሪው ሁሉ ከቦኝ ሲሰድበኝ ነበር። ምስክር ከፈለጋችሁ አውቶቡስ ሙሉ አለኝ።»

አውቶቡስ ሙሉ ምስክር ነበረው። ያገኟቸው ሁሉ አስታወሱት፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም እንደገና ሰደበችው።

*

የዳኛው ወንድ ልጅ የመድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ልብሱ እንከን የሌለው፣ ሲያዝን እንኳ ክራቫቱ የማይዛባ ሰው። ቤቱ፣ ሚስቱ ጎን ተቀምጦ ነበር የተቀበላቸው።

«ከሥራ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ። ከሷ ጋር ነበርኩ።»

«አዎ» አለች ሚስቱ። አንድ ትንፋሽ ዘግይታ ነበር። ኢንስፔክተሩ ያቺን ትንፋሽ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጣቢያ ብቻዋን መጣች። «አልነበረም» አለች። «በይ አለኝ፣ አልኩ። የቤቴን ገመና ደጅ ማውጣት ነውር መሰለኝ። ሌሊቱን ሳስበው ደግሞ ዝም ማለቱ ነውር ሆነብኝ። የቱ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ልጁን ከቢሮው አምጥተው አስቀመጡት። ብዙ አላንገራገረም።

«ሌላ ሰው ጋ ነበርኩ። ሴት ጋ።»

«ስሟን ንገረንና ቃሏን እንቀበል።»

«አይሆንም። ባለ ትዳር ናት። ስሟን ማንሳት ነውር ነው።»

«ነውሩ ስሟን ማንሳቱ ላይ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የሰው ትዳር አላፈርስም» አለ ልጁ፤ ከልቡ ነበር።

ሳጅኑ ሳቁን ለማፈን በሳል አሳበበ። ውጭ ሲወጡ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። «ይኸው! ‹ነገ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ› ማለት ለሚስትህ እናገራለሁ ማለት ነው። አባትየው ደረሱበት፤ ልመና፣ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ እብነ በረዱ። ፎጣውም ጸጸት። ምን ቀረው?»

ምንም የቀረ አይመስልም ነበር። ልጁ ታሰረ። ስልኩና ቀበቶው ኢንስፔክተሩ መሳቢያ ውስጥ ገቡ።

*

የዳኛው ሴት ልጅ ነርስ ናት። የምትሠራበት ሆስፒታል ከአባቷ ቤት መንገድ ማዶ ነው። ኮሪደር ላይ ቆማ፣ አንድ ዓይኗን ከበሽተኞቿ ሳትነቅል አነጋገረችው። ድምፅዋ ከሹክሹክታ ብዙ አይርቅም፤ ሕሙማን ክፍል የኖረ ሰው ልማድ ነው።

«ተረኛ ነበርኩ» አለች።

«ከዚህ ንቅንቅ አላለችም» አለች ባልደረባዋ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ሳትጠየቅ።

«ወንድምሽ ያደርገዋል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ነርሷ የያዘችውን ቴርሞሜትር አራግፋ አየችው። «አላውቅም። ወንድሜ ተጠይቆ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ይጠየቅ።»

ኢንስፔክተሩ ይህን የእህት ምሬት አድርጎ ወሰደው። ወንድም ተወዳጅ፣ እህት ደግሞ ሸክም ተሸካሚ የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለም።

የወንጀል ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ችኩል ሰው ነው። «ነገ ጠዋት መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይገባል» አለው። «ምስክር አለህ፣ የፈረሰ ማስተባበያ አለህ፣ ምክንያት አለህ። ምን ታደርቀኛለህ?»

«ጌታዬ፣ አባቱን ገደለ ተብሎ ከተፈረደበት ተመልሶ አይወጣም።»

«አይውጣ!»

«የተኙበት ሁኔታ አልገባኝም። ጸጸት ያለው ሰው ይሸፍናል፣ ዓይን ይከድናል፣ ያለቅሳል። እሳቸውን ግን በጎናቸው ነው ያስተኟቸው። ጉልበታቸውን ሳይቀር አጥፎ።»

«ጉልበት!» ኃላፊው ጭንቅላቱን ያዘ። «ማስመሪያ አሉህ፣ እኔ ኮምፓስ ብዬሃለሁ፤ አንድ ቦታ ተተክለህ ትዞራለህ። እስከ ነገ ጠዋት ዙር። ከዚያ በኋላ መዝገቡን እፈልጋለሁ።»

*

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳኛው ታናሽ እህት ቤት ሄደ። የፈለገው አባትና ልጅ ተጣልተው ያውቁ እንደሆን ለመጠየቅ ብቻ ነበር። አክስትየው መጋረጃውን ጋርደው፣ ለለቅሶተኛ የተደረደሩ ባዶ ወንበሮች መሀል ተቀምጠው አገኛቸው።

«ወንድሜና ልጁ?» አሉ። «አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እሱ ልጅ ቢሰብርም ቢያፈርስም ዓይኑ ነበር። ምንድን ነው ያደረጋችሁት እናንተ ሰዎች?»

ስልካቸው ጠራ። አዩትና ፊታቸው ለስለስ አለ።

«ወዬ የኔ ልጅ... በላህ? ... ኧረ ትንሽ ቅመስ፣ በባዶ ሆድህ እንዳትውል። ... እሺ። እንግዲያው ጋደም በል። አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጀግና።»

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ልብ አላለውም። ከዚያ መሳቢያውን አሰበ። የእስረኛው ስልክ እዚያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ዳኛውም ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም።

«ማን ነው የደወለው፣ እማማ?»

«ልጄ ናት፣ ነርሷ። ማን ይደውልልኛል ሌላ?»

«‹በላህ› ሲሉ ሰማሁ።»

«እንዴ! ሳቆላምጣት ነዋ። ቤታችን እንዲሁ ነው፤ ያስለመደን ወንድሜ ራሱ ነው። ገና አራስ ሳለች ‹ይቺ ወንድ ናት› አለ፣ በዚያው ቀረ። ሲወዳት ‹አንተ› ነው፣ ሲቆጣት ‹አንተ› ነው። ‹አንቺ› ያላት ቀን ያመማት ይመስለን ነበር።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉ ሲሉ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። «ምነው? ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም» አለ ኢንስፔክተሩና ተነሣ።

ደረጃውን ሲወርድ ጆሮው ጋለ። የገዛ እናቱ ታናሽ እህቱን እንዲሁ ነው የሚጠሯት። «ና እስቲ አንተ» እየተባለች ነው ያደገችው፤ አንድም ቀን ወንድ መስላው አታውቅም። ስንቱ ቤት የሚያውቀውን ነገር፣ ያን ዕለት ጠዋት ከልብስ ሰፊው አፍ ሲሰማ ግን ሰዋስው አደረገው። ‹ህ› አለች፣ ስለዚህ ወንድ ነው። ጻፈው፤ ሰው አሰረበት።

*

የነርሷ ባልደረባ ገና ሲመጣ ስታየው ጠረጴዛዋን ማስተካከል ጀመረች።

«ዋሽተሽኛል» አላት።

«ስለ ምን?»

«ንቅንቅ አላለችም ብለሽኛል።»

ሴትየዋ ግራ ቀኝ አየች። «የአባቷን የስኳር መርፌ ልትወጋ ነው እኮ የምትወጣው። በየማታው ትወጣለች፤ ተሻግራ ወግታ መመለስ ነው። ሁላችንም እንሸፍናታለን። የሷን በሽተኞች እኔ አያለሁ፣ የኔን እሷ ታያለች። ይሄ ውሸት ነው?»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ጥሩ ነገር ነዋ። ለጥሩ ነገር የተባለ...» ቆመች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ፈጠጠ። «ያን ቀንም ሄዳ ነበር» አለችና ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

*

ነርሷን አንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አገኛት። ጥግ ከጥግ እየገጠመች ታጥፋለች። ፎጣዎቹ ከጎኗ ተደርድረዋል፤ አስተጣጠፋቸውን አይቶ ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም። በሩን መለሰው።

«ራሱን የሳተ ሰው የሚተኛው በጎኑ ነው» አላት። «ትንፋሽ እንዳያፍነው። ጉልበቱ ይታጠፋል። ትክክል ነኝ?»

አንሶላውን አልለቀቀችውም። «ከመታሁት በኋላ እጄ የለመደውን ሠራ» አለች። «ይተነፍስ ነበር። አስተኛሁት፣ አፉን አጸዳሁለት፣ ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። እብነ በረዱን ጠረግኩና ወጣሁ።»

«ሆስፒታሉ መንገድ ማዶ ነው።»

«ይሄን ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

ከፎጣዎቹ አንዱን አንሥቶ መልሶ አኖረው።

«ክፍላችን ውስጥ አንድ ኦክስጅን ነበር የቀረው» አለች። «አንድ ቀኑ ያለቀ ሽማግሌ ላይ ነበር። አጠገቡ የወለደች ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ትሰምጣለች። ዶክተሩ የለም። ነቅዬ ለሷ ሰካሁላት። ሽማግሌው ሞተ፣ እሷ ልጇን አቅፋ ወጣች። ደግሞ ቢመጣ ደግሞ አደርገዋለሁ። ይሄን ለሰው አልተናገርኩም፤ ለአባቴ ግን ነገርኩት። ይገባዋል ብዬ።»

«አልገባቸውም።»

«‹መርጠህ ገደልክ› አለኝ። ‹ሰው አይመዘንም። አንተ ማን ነህና ትመርጣለህ? ነገ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ› አለ። እሺ ይሁን። ሰው አይመዘንም ብሎ ያመነ ሰው ይሄን ቢል ምን እላለሁ? ግን ወንድሜ ሰው ገድሏል፣ ኢንስፔክተር።»

አንሶላውን አሁን አስቀመጠችው።

«መንገድ የምትጠርግ ሴት ነበረች። ወንድሜ ጠጥቶ ሲነዳ ንጋት ላይ ገጫትና ጥሏት መጣ። እኔ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ ‹ፖሊሶች ከመጡ መኪናው ሌሊቱን ግቢ ነበር ትላለህ› አለኝ። አንተስ ዳኛ አይደለህም ወይ ስለው፣ ‹ችሎት ላይ ዳኛ ነኝ፤ እዚህ አባት ነኝ› አለኝ። አልኩለት። በዚያው ዓመት አንድ ሹፌር ሰው ገጭቶ ጠፋ ተብሎ ፊቱ ቀረበ። የፈረደበትን ጋዜጣ ላይ አነበብኩት። ስለ ምርጫ የተናገረው ነገር አለ። በጣም ያምራል።»

ኢንስፔክተሩ ጎሚስታው ትዝ አለው። ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ ለዳኛው ሄዶ እውነትዎን ነበር ሊል ልብስ የሚገዛው ሰው።

«ያን ቀን እሱን አነሳሁበት። ‹ያ ሌላ ነው› አለኝ። ‹እሱ የቤታችን ጉዳይ ነው፤ አንተ ግን ሥራህ ላይ ነህ።› ችሎት ላይ እያለ ለወንድሜ አባት ሆነ፤ ጡረታ ወጥቶ ለኔ ዳኛ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ በአፉ ወንድ ልጁ ነበርኩ። ፍርድ ላይ ስደርስ ሴት ሆንኩ። ተው አለኝ፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ጫማውን ሊፈልግ ጎንበስ አለ።»

«ወንድምሽ አልገደላቸውም። ነገ ጠዋት ግን ይከሰሳል።»

«አውቃለሁ። እኔ ስሙን አላነሳሁም። እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት።» ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «አስበው እስቲ። ዝም ብትል ማን ተበደለ? እሱ የገደላት ሴት አለች፤ ለሷ ይታሰር። እኔ እዚህ በየቀኑ ሰው አነሳለሁ። ደምረውና ቀንሰው።»

እውነት ለመናገር፣ ደመረው። እዚያው ቆሞ፣ የአንሶላ ሽታ እየሸተተው ደመረ፤ ሒሳቡም ወደሷ አደላ።

«እኔ በዚህ አልሠራም» አላት። «ሰው ባልሠራው አይታሰርም።»

«አባቴም ለሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ነበር የሚለው።» እጆቿን ልብሷ ላይ ጠረገች። «እሺ። አንድ ነገር ብቻ። ለምን እንደሆነ ይጻፍ። የጠራጊዋ ነገር ይጻፍ። እዚህ ምድር ላይ አንድ ወረቀት ላይ እንኳ ይስፈርላት።»

«የተናገርሽው ሁሉ ይጻፋል» አላት። የማይፈጽመውን ቃል ሰጥቶ አያውቅም።

*

ልጁን ሊለቁት ቀበቶውንና ስልኩን ሲያስረክቡት ኢንስፔክተሩ ስለ ጠራጊዋ ጠየቀው።

ልጁ አልደነገጠም። «ይርጋው አልፏል» አለ ቀበቶውን እያጠለቀ። «አባባ ቀኑን ቆጥሮ ነግሮኛል። ነፍሱን ይማር።»

«እህትህ ጠበቃ ያስፈልጋታል።»

«አባቴን ለገደለች ሴት?» ክራቫቱን በመስኮቱ መስታወት እያየ አስተካከለ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሕሊና አለኝ።»

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ የዳኛው ልጅ መሆኑን ስለሚያውቅ ቆሞ ሰላምታ ሰጠው።

ኃላፊው ቃሏን አንብቦ ሲጨርስ ሁለተኛውን ገጽ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ይወጣል።»

«ቃሏ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቃሏ ያልተከሰሰ ሰው ይከሳል። ይርጋ ያለፈው ነገር ነው። ሊመልስ የማይችል ሟች ስም ያጠፋል። ደንቡ ምን ይላል? ለአዲሶቹ ልጆች የምታስተምረው አንተ አይደለህ?»

እሱ ነበር የሚያስተምረው። ከጉዳዩ ውጭ በሦስተኛ ወገን ላይ የቀረበ፣ ያልተጣራና በይርጋ የታገደ ክስ በቃል ውስጥ አይካተትም። ደንቡን ወዶት ያስተምር ነበር፤ ንጹሕ ሰውን ከሐሜት ይጠብቃል እያለ። አሁንም ሲያስበው ስህተት አላገኘበትም። ስህተት ፈለገበት፤ አላገኘበትም።

«ገጹን እንዳለ ብይዘውስ?»

«ጠበቃዋ ደንብ ተጥሷል ብሎ ቃሉን በሙሉ ያስጥለዋል። ከዚያ ማንም የለህም። ምረጥ።»

ገጹን እንደገና ጻፈው። ኦክስጅኑን እንዳለ ጻፈ፣ መርፌውን ጻፈ፣ እብነ በረዱን ጻፈ። ጠራጊዋ የነበረችበት ቦታ ላይ «በቤተሰብ ጠብ ምክንያት» የሚል ገባ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

ነርሷን አስገቧትና ከፊቱ ተቀመጠች። በዝግታ አነበበች። የበሽተኛ ሙቀት እንደምታነብ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አነበበችና ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመለሰች። እዚያ ቆየች። ኢንስፔክተሩ የሚለው ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ደንቡን ሊያስረዳት፣ ያለዚህ ሌላ መንገድ እንደሌለ ሊነግራት። ቀና ስትል ግን አልጠየቀችውም።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለች።

ጣቱን ቦታው ላይ አኖረላት።